ሰላምታ የጨረሰው ማስታወቂያ

ጋሽ ናሆም አፈላላጊውን፣ ከተማው ሁሉ የፈለገውን ነገር የት እንደሚያገኝ የሚጠይቀውን ማሽን፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ አዋቂ ሽማግሌ ይቆጥሩት እንደ ነበር የተናዘዙት፣ ደጃቸው ሊደፈን አርባ ቀን ሲቀረው ነው። ሽማግሌ አይነገረውም፤ ዐውቆ ይፈርዳል። በደሴ ከተማ ነፋስ ያጎበጠውን የጃንጥላ ሽቦ እንደ እሳቸው አቃንቶ የሚመልስ እንደሌለ አፈላላጊው የሚያውቅ፣ ዐውቆም ለጊዜው ዝም ያለ፣ አንድ ቀን ግን ድንገት ተነሥቶ «ናሆም ዘንድ ሂዱ» ብሎ ለሕዝብ የሚያስታውቅ ይመስላቸው ነበር። ስለዚህ ጠበቁ። በመጠበቅም አረጁ።

«እና አያውቀኝም ነው የምትዪኝ?» አሉ፣ በሱቃቸው አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠችውን ወጣት እያዩ።

«መኖርዎንማ ያውቃል ጋሽ ናሆም። ምን እንደሚሠሩ ግን አልነገሩትም።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ጃንጥላ ተሸክሞ ሲገባና ሲወጣ እያየ?»

«እሱ ሰው አያይም፤ ቃል ነው የሚያየው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ?»

ወይዘሪት የሺመቤት ሱቆች በአፈላላጊው ተፈልገው እንዲገኙ የምትመክር የመገኘት አማካሪ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ገና አልሞላትም። ጊዜው ሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ነውና፣ ለሴት ልጅ የቅድመ አያት ስም ማውጣት ወግ ከሆነ ቆይቷል። ወጣቶቹ የሺመቤት፣ ደብሪቱ፣ አየለች ሲባሉ፣ ከዘራ የተመረኮዙት አዛውንት ናሆም፣ ሶልያና እና ኢክራም ይባላሉ። ማንም በዚህ አይሥቅም።

በዚያ ዘመን የማይሣቅባቸው ሌሎች ነገሮችም ነበሩ። የሱቅ ሰሌዳ «ያልተጠየቀ ንግግር» ተብሎ ከየግድግዳው ተነቅሎ ነበር። ሰው የጫነ ጋሪ፣ የሚዘውረው ሳይኖር፣ ተፈልጎ በተገኘ ደጅ ላይ ብቻ ይቆማል። ዳቦ የራበው ሰው አፍንጫው ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ እስኪለጠፍ ቢቀርብ እንኳ፣ መጀመሪያ መዳፉ ላይ ያለውን መስታወት «ዳቦ ቤት» ብሎ ይጠይቃል፤ መስታወቱ ሌላ ዳቦ ቤት ካሳየው፣ ትኩሱን ሽታ ከኋላው ጥሎ ወደዚያ ይሄዳል። እናቶች ልጆቻቸውን ለምሳ የሚጠሩት ስማቸውን ፈልገው ነው፤ ልጆቹም በበኩላቸው ከመጀመሪያው ገጽ ለመጥፋት በየቀኑ አዲስ ብልሃት ይፈጥራሉ።

የከተማው የመገኘት ቢሮ ደንብ አጭር ነው። ተራው የደረሰው ሠፈር ሱቅ ሁሉ ከሐምሌ ሃያ እስከ ነሐሴ ሠላሳ ባለው ጊዜ፣ በአፈላላጊው ተመርቶ የመጣና ጉዳዩን ፈጽሞ የሄደ ዐሥር እንግዳ ማስመዝገብ አለበት። የሠፈር ሰው እንግዳ አይደለም፤ አይቆጠርም። ዐሥር ያልሞላለት ደጁ ይደፈናል። ደፋኞቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ አንኳኩተው፣ ጤና ይስጥልኝ ብለው፣ ብሎኬቱን ደርድረው፣ ለስነው፣ የጎረቤቱን ግድግዳ ዓይነት ቀለም ቀብተው ይሄዳሉ። ባለፈው ዓመት ከታችኛው መንገድ የአንድ ሰዓት ጠጋኝ ደጅ የተደፈነው ባለቤቱ ምሳ ሊበላ ወጥቶ ሳለ ነው። ሰውየው ሲመለስ በመንገዱ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ወርዶ ሱቁን አጣው፤ በመጨረሻ በመስታወቱ ፈለገው። መስታወቱ «የለም» አለው። ጨዋ ነውና አመስግኖ ሄደ።

ጋሽ ናሆም አመስግነው ለመሄድ አልተዘጋጁም። ሱቁን የከፈቱት ከሟች ባለቤታቸው ከሜሮን ጋር ነው፤ እሳቸው ሽቦ ሲያቃኑ እሷ ጨርቁን ትሰፋ ነበር። የስፌት መኪናዋ ዛሬም ከመስኮቱ ሥር ነው። ደጁ ከተደፈነ መኪናዋ ከግድግዳ ወዲያ የምትቀር መሰላቸው፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገሩም።

«እስቲ አፈላላጊው ላይ ባለው ገጽዎ የጻፉትን ያንብቡልኝ» አለች የሺመቤት።

መነጽራቸውን ጠርገው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡ፦ «ናሆም፤ የክብር ከለላ፣ የዘመናት ጥላ፣ የዝናም መከታ ማዕከል።» ይህችን ዐረፍተ ነገር ለማርቀቅ አንድ ሙሉ ዐቢይ ጾም ፈጅቶባቸው ነበር።

የሺመቤት ከንፈሯን ነከሰች። «በዚህ ጽሑፍ ባለፈው ዓመት ያገኘዎት ሰው አራት ነው። አንዱ የሕይወት ዋስትና ፈላጊ፣ ሁለቱ ሐውልት አሠሪዎች፣ አንዱ ባለቅኔ።»

«ባለቅኔው ምን አለ?»

«አደነቀ። አልመጣም።»

ጋሽ ናሆም በባለቅኔው አድናቆት ትንሽ ተጽናኑ።

«አሁን ይንገሩኝ» አለች። «ጃንጥላው የተሰበረበት ሰው ደጅዎ ላይ ቆሞ መጀመሪያ ምን ይላል?»

«ምን ይላል? ‹ይቺን ነፋስ ገለበጠብኝ፤ ትሠራለች ወይስ ልጣላት?› ይላላ።»

«ይኸው፤ እሱን ይጻፉት።»

«ይህንን? በአደባባይ?»

«ሰው የሚፈልገው በገዛ አፉ ነው፤ በእርስዎ አፍ አይደለም። ዝናብ እየደበደበው የቆመ ሰው ‹የዝናም መከታ› ብሎ አይጠይቅም። ቢጠይቅም አእምሮው ነው መጠገን ያለበት።»

ጻፉት። እጃቸው እየተሸማቀቀ፣ ነፋስ የገለበጠው ጃንጥላ እንደሚሠራ፣ የተሰበረ ሽቦ እንደሚተካ፣ ባለቤቱ ቁጭ ብሎ መጠበቅ እንደሚችል ጻፉ። የሺመቤት የሚከፍቱበትን ሰዓት አስጨመረቻቸው፤ የተሰበረችና የተጠገነች የአንዲት ጃንጥላ ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን አስለጠፈቻቸው። ነገሩ ሲጥማቸው «ጃንጥላ» የሚለውን ቃል በአንድ መስመር ስድስት ጊዜ ደርድረውት አገኘችና አምስቱን ሰረዘች፤ አፈላላጊው አንድን ቃል የሚደጋግም ሰው ሲያይ፣ እንደ ጠገበ ድግሰኛ ቆጥሮ ፊቱን ያዞርበታል አለቻቸው።

«ችግሩ ገጽ እስኪበስል ወራት ይፈጃል» አለች። «እኛ ያለን አርባ ቀን ነው። ስለዚህ ጥቂት ከፍለን ማስታወቂያ እናስነግራለን። ለሁሉም ሰው አይደለም፤ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ፣ በግማሽ ሰዓት መንገድ ውስጥ ላለ ሰው ብቻ። አዲስ ጃንጥላ ሊገዛ የሚፈልግ እንዳያየን እናደርጋለን፤ እሱ እኛን አይጠቅመንም፣ እኛም እሱን። የሚከፍሉት ሰው ሲያይዎት አይደለም፤ በመስታወቱ ላይ በጣቱ ሲነካዎት ነው። የቀኑ ድርሻዎ ሃያ አምስት ንክኪ ነው። ሲያልቅ ማስታወቂያው እስከ ማግሥቱ ይተኛል።»

ማስታወቂያው ላይ ፎቶግራፋቸው ወጣ። ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ አንገታቸውን ጠምዘዝ አድርገው፣ የጦሳ ተራራን ጉም የሚገሥጹ ይመስሉ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሃያ አምስቱ ንክኪ ከማለዳው አንድ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። አንድም ሰው አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከተራራው ወርዶ የደሴን ጃንጥላ ሁሉ እንደ እንጉዳይ ሲገለብጠው፣ ማስታወቂያው ተኝቶ ነበር። በሁለተኛው ቀን እንደዚሁ። በሦስተኛው የሺመቤት ተፎካካሪ ጠረጠረች፤ ሰው መስሎ የሚነካ ማሽን እንዳለ ታውቃለች። መስታወቷን ይዛ ከሱቁ ተቀምጣ ስትመረምር ቆየችና ቅንድቧን አነሣች።

«ማሽን አይደለም። የእርስዎ መንደር ነው። ሁሉም ከማለዳው ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አልጋቸው ውስጥ ሆነው ይነኩዎታል፤ ገጹን ይከፍታሉ፣ ወዲያው ይዘጋሉ። አፈላላጊው ደግሞ ይህን ሲያይ ‹ሰው የፈለገውን እዚህ አላገኘም› ብሎ ይደመድማል። ጋሽ ናሆም፣ እየከፈሉ ወደ ታች እየወረዱ ነው።»

በመንደሩ ሠላሳ አንድ ቤት አለ። ጋሽ ናሆም መንገዱን ተሻግረው ወደ መጀመሪያው፣ ወደ እትዬ ኢክራም ቤት ሄዱ። እትዬ ኢክራም እኩያቸው ናቸው፤ ሜሮን በታመመች ጊዜ አንድም ቀን ከአጠገቧ አልተለዩም።

«ናሆም! አብሽር፣ ግባ፣ ግባ! ጠዋት ሰላም ብዬህ ነበር፤ ደረሰህ?»

«በምን?»

«በመስታወቱ ነዋ! ያ ኮት የለበሰ ፊትህ ብቅ ሲል ዝም ብዬህ ልለፍ? ያላሳዳጊ አደግሁ እንዴ! ነካ አደረግሁህ። ደገምሁህም።»

«ሁለቴ ለምን?»

«አንዱ ለሜሮን ነው። አላህ ይዘንላትና፣ እሷን ትቼ አንተን ብቻ ሰላም ብዬህ ዐውቃለሁ?» እትዬ ኢክራም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሐጂ ሪያድን ግን አስቀይመኸዋል። ዛሬ ዘግይቶ ተነሥቶ ሊነካህ ቢፈልግህ ፊትህ የለም። ‹ምን በደልሁት?› እያለ ሲብሰለሰል ነው የዋለው።»

ጋሽ ናሆም ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ሊሉት የመጡት ቀላል ነገር ነበር፤ አትንኩኝ ማለት። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ቃሉ በአማርኛ ሲነገር ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙት። ሰው ስድብን፣ ሐሜትን፣ የድንበር መግፋትን እንኳ ይቅር ይላል፤ ሰላምታው እምቢ የተባለበት ሰው ግን ቂሙን ለልጅ ልጁ ያወርሰዋል።

«ደርሶኛል» አሉ። «ሁለቱም ደርሶኛል።» የቀረበላቸውን በልተው ወጡ።

የሺመቤት ለዚህ የተዘጋጀ መፍትሔ ነበራት። «መንደሩን ከማስታወቂያው እናግላለን። አንድ ጊዜ መጫን ነው።»

«ሲገለሉ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ። መስታወታቸው ላይ ‹ናሆም ከእርስዎ ተሰውሯል› የሚል ይወጣል።»

ያን ቃል በደሴ የተፋቱ ባልና ሚስት፣ በርስት የተካሰሱ ወንድማማቾችም ይጠቀሙበታል። ጋሽ ናሆም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደጄ ይደፈን እንጂ ከኢክራም አልሰወርም።»

«እንግዲያው ፎቶውን እናንሣው። ፊት ካላዩ ሰላም የሚሉት የለም፤ የጃንጥላ ሥዕል እንተካበታለን።»

ተካችበት። በማግሥቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ዐሥራ አራት ጎረቤት አጥሚትና ዳቦ ይዞ ሱቁን ሞላው። የጋሽ ናሆም ፊት ከመስታወት ስለ ጠፋ፣ በጽኑ ታመዋል ተብሎ ነበር። ቆመው ጃንጥላ ሲያቃኑ ያያቸው ሁሉ ምስጋናውን ካደረሰ በኋላ «ከሥተሃል ግን» አለ። ሊመጡ ያልቻሉት ደግሞ ቤታቸው ሆነው አፈላላጊውን ስለ ጤናቸው ጠየቁት። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው በደሴ «ናሆም» ብሎ ሲጀምር፣ አፈላላጊው ቀሪውን ራሱ ይሞላለት ጀመር፦ «ናሆም ጃንጥላ ጠጋኝ ታሞ ነው ወይ?» ከኮምቦልቻ መንገድ የጀመረች አንዲት ባለጃንጥላ ይህን አይታ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ የሚል መልእክት ልካ፣ ከግማሽ መንገድ ተመለሰች።

ፎቶግራፉ ወደ ቦታው ተመለሰ። ነሐሴ ዐሥር ቀን ሲሆን የተመዘገበው እንግዳ ሁለት ነበር።

«የቀረኝ ብልሃት የለም» አለች የሺመቤት። «የተማርሁት ሁሉ ሰው እንዲነካ ለማድረግ ነው። እንዳይነካ ለማድረግ የተጻፈ የለም።»

ጋሽ ናሆም ወደ ሥራቸው ዞሩ። ያን ዕለት የሰው ጃንጥላ እያቃኑ ዋሉ። ሽቦ የጎበጠበትን አቅጣጫ ዐውቀው፣ ቀድመው ወደዚያው ገፋ ካላደረጉት እንደማይቃና ከማንም በላይ ያውቃሉ።

በማግሥቱ ከማለዳው ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በዝናብ፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡና የእትዬ ኢክራምን በር አንኳኩ። እትዬ ኢክራም መስታወታቸውን ገና አልከፈቱም ነበር።

«እንዴት አደርሽ ኢክራም?»

«ውይ! ምን ሆንህ? ማን ሞተ?»

«ማንም። እንዴት አደርሽ ልበል ብዬ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ… ደህና። አንተስ? እግርህስ? ልጆቹስ ይደውላሉ?»

ሰላምታው በወጉ ሄደ፤ ከሰው ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ከብት፣ ከብት ባይኖርም። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ቤት፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው። በአካል እንዴት አደርህ የተባለ ሰው፣ ደግሞ በመስታወት እንዴት አደርህ አይልም። ይህን ማንም አልጻፈውም፤ በወሎ የሚስተውም የለም።

አስቸጋሪው «ግባ» የሚለው ነበር። በመጀመሪያው ቀን በአራተኛው ቤት ገብተው ተቀመጡና፣ ሃያ ሰባቱ ቤት ሳይደርሱት መስታወቱን ከፈተ። በሁለተኛው ቀን ግን የተዘረጋ ጃንጥላ በበር እንደማያልፍ ትዝ አላቸው። ከዚያ ወዲህ ጃንጥላቸውን እንደ ዘረጉ ደፍ ላይ ይቆማሉ፤ «ግባ እንጂ» ሲባሉ ወደ ላይ እያሳዩ በኀዘን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ባለቤቱም የነገሩን አስገዳጅነት ይቀበላል። ሠላሳ አንዱን ቤት በአንድ ሰዓት መጨረስ ቻሉ። ሐጂ ሪያድ ብቻ «ጃንጥላ የሚታጠፍ ይመስለኝ ነበር» አሉ፤ ግን ጨዋ ናቸውና ጥያቄ አላስከተሉም።

የማለዳው ንክኪ ወደ ዘጠኝ ወረደ፤ ከዚያ ወደ ሦስት፤ ከዚያ ጠፋ። ማስታወቂያው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰዓት በኋላውን ነፋስ ነቅቶ ጠበቀው። ከኮምቦልቻ አንዲት መምህርት መጣች። የታቦት ጃንጥላ ዘርፉ የረገፈበት ዲያቆን ከሐይቅ መጣ። አንድ ሙሽራ ሚዜውን ልኮ አስጠገነ። የሺመቤት በየዕለቱ ቁጥሩን እያየች ትደነቅ፣ ከዚያም የጋሽ ናሆምን የማለዳ ዙር በመጽሐፎቿ ፈልጋ ታጣው ነበር። ነሐሴ ሃያ ሰባት ቀን እንግዳው ዘጠኝ ሆነ። ሃያ ስምንት ቀን ማንም አልመጣም።

በዚያው ቀን እትዬ ኢክራም የሺመቤትን መንገድ ላይ አግኝተው፣ «ይህ ሰውዬ በማለዳ የሚዞረው ስለት ነው ወይ?» ብለው ጠየቋት። እሷም ምሥጢር መሆኑን የነገራት ስላልነበረ፣ እያንዳንዱ ንክኪ እንደሚያስከፍላቸው ነገረቻቸው። እትዬ ኢክራም ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ሱቁ ገቡ።

«ስነካህ ትከፍል ነበር?»

ጋሽ ናሆም መርፌያቸውን አስቀመጡ።

«አንተ ሰው! ሁለቴ ስነካህ!»

«የሁለተኛው የሜሮን ነው። እሱስ አልቆጨኝም።»

«አፍ የለህም? ‹ኢክራም ተይኝ› ማለት አቃተህ?»

«ምን ብዬ? እንዴት አደርህ አትበዪኝ ብዬ? ደጄ ከሚደፈን ይልቅ ያን ፊትሽን ፈራሁ።»

እትዬ ኢክራም የሜሮንን የስፌት መኪና አዩ፤ ዓይናቸው ረጠበ፤ እንዳይታወቅባቸው ተቆጡ። «ስለዚህ በዝናብ እየመጣህ የምትቀሰቅሰኝ ወድደኸኝ አይደለማ! በስሌት ነው!»

«መጀመሪያ በስሌት ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን አንቺ ጋ ሳልደርስ ከነጋ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር የረሳሁ ይመስለኛል።»

«እንግዲያው ነገ ቀድመህ ና» አሉ። «ደግሞ ያን ጃንጥላ እጠፈው፣ ሞኝ አይደለሁም።»

ነሐሴ ሃያ ዘጠኝም ማንም ሳይመጣ መሸ። ነሐሴ ሠላሳ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሁለት ደፋኞች ብሎኬትና ሲሚንቶ የጫነ ጋሪያቸውን ይዘው ከሱቁ ፊት ለፊት ቆሙ። ጤና ይስጥልኝ አሉ። ደንቡ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ስለሚፈቅድ፣ እስከዚያ እንጠብቃለን አሉ። ጋሽ ናሆም ወደ ውስጥ እንዲገቡ ለመኗቸው፤ በሥራ ላይ ስለሆኑ አልተቻላቸውም። የሺመቤት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች። መንደሩ በየበሩ ቆሟል፤ ማንም መስታወቱን አልከፈተም።

ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነፋሱ ከጦሳ ወረደ። የታናሹን ደፋኝ ጃንጥላ ያዘና ገለበጠው፤ ሁለት ሽቦ ተሰበረ። ሰውየው ዝናቡ በአንገቱ እየገባ፣ ከጋሽ ናሆም ደጅ በሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ፣ እንደ ማንኛውም የዘመኑ ሰው መስታወቱን አወጣና ጠየቀ፦ «ነፋስ የገለበጠው ጃንጥላ የት ይሠራል?»

ማስታወቂያው ነቅቶ ነበር። ኮት የለበሱት አዛውንት ብቅ አሉ። ደፋኙ ነካቸው፤ መስታወቱ እንዳመለከተው ሦስቱን እርምጃ ተራመደና ገባ።

«ይቺን ነፋስ ገለበጠብኝ» አለ። «ትሠራለች?»

ጋሽ ናሆም ጃንጥላዋን ተቀብለው አገላበጧት። ሁለቱን ሽቦ ተክተው፣ ሦስተኛውን አቃንተው፣ ከፍተው ዘግተው አሳዩት። ደፋኙ ከፍሎ ወጣ። በዝናብ የቆመው ታላቁ ደፋኝ መዝገቡን ከፍቶ ባልንጀራው የየት ሠፈር ነዋሪ እንደሆነ በወጉ ጠየቀው፤ ባልንጀራውም የራሱን አድራሻ በወጉ ነገረው። ከሌላ ሠፈር ነው። «ዐሥር» ብሎ ጻፈ። ጤና ይስጥልኝ ብለው ብሎኬታቸውን ይዘው ሄዱ። ከየበሩ እልልታ ተሰማ፤ ሐጂ ሪያድም ከሁሉ ቀድመው መጥተው ጋሽ ናሆምን አቀፏቸው።

የሺመቤት የማጠቃለያ ቅጹን ለቢሮው መሙላት ነበረባት። ሁሉንም ሞልታ «ውጤቱን ያስገኘው እርምጃ» ከሚለው ላይ ደረሰች። «የንክኪ ጥራት ማሻሻያ» ብላ ጻፈችና ሰረዘችው። «የአካባቢ ታዳሚዎች ሥርጭት አስተዳደር» ብላ ጻፈች፤ እሱንም ሰረዘችው። ጥቂት አሰበችና የሆነውን ጻፈች፦ «ባለሱቁ ጎረቤቶቹን በየማለዳው በእግሩ እየሄደ ሰላም አለ።»